የመንገድ አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት በተቃረበ ቁጥር በመካከላችን «ዘንድሮ ወዴት እንጓዛለን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ከእርሱ ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ማን አብሮን ይሄዳል? አደራችንንስ ማን ይቀበላል?» የሚል ነው። ይህን ትምህርት የምጽፍላችሁ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘሁት አይደለም፤ በገዛ አባቴና በእኔ ላይ ከደረሰው ጭምር የተማርሁት ነው እንጂ። አባቴም እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ «ለሌላው ልጅ ከጠቀመ ጻፊው» ብሎኛል።

አባቴ አብሮ ሊሄድ ነው

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። በጥር ወር፥ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ፥ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ከደጀን ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመጓዝ አሰበ። ጥር 24 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ነው፤ ጻድቁ በጸሎት ብዛት እግራቸው የተሰበረበት ቀን ይታሰብበታል። ጥር 23 ወጥተን፥ ሁለት ሌሊት እዚያው በድንኳን አድረን፥ ጥር 25 ልንመለስ ነበር። ሠላሳ ልጆች ተመዘገብን፤ ከእነዚህም 14ታችን ሴቶች ነበርን። እኔ ያን ጊዜ 17 ዓመቴ ነበር።

ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ከ14ቱ ሴቶች የዘጠኙ ወላጆች «ልጃችንን አንልክም» አሉ። የሚጠይቁትም ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ «ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ? ከማን ጋር?» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። የጉዞው ሰብሳቢ ራሱ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበረ። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች ነገሩን መክረው «አንድ አባትና አንዲት እናት አብረው ይሂዱ፤ ያለዚያ ጉዞው ይቅር» ብለው ወሰኑ። ከእናቶች አንዲቱ ወዲያው ተገኙ። ከአባቶች ግን ሁሉም ሥራ አለኝ አለ። በመጨረሻ እጁን ያወጣው የእኔ አባት ሆነ።

አባቴ በደጀን ዋና መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። ከዐባይ በረሃ የሚወጣው የጭነት መኪና ሁሉ ጎማውን ለማስለጠፍና ለማስነፋት እርሱ ዘንድ ይቆማል። እጁ ምንጊዜም ጥቁር ነው፤ በኦሞ ቢታጠብም አይለቅም። ድምፁም እንደ ጎሚስታ ነው፤ ከመኪና ሞተር በላይ መናገር ስለለመደ ቤት ውስጥም ይጮኻል። አብሮን እንደሚሄድ ስሰማ ያፈርሁት ማፈር አይነገርም። በጓደኞቼ ፊት በዚያ ድምፅ ሲጠራኝ ታየኝ። ከማን ጎን እንደምቀመጥ፥ ከማን ጋር እንደምሥቅ ሲያይ ታየኝ። ለእናቴም «እሱ ከሄደ እኔ እቀራለሁ» አልኋት። እናቴ ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል «እሱ ካልሄደ ዘጠኙ ይቀራሉ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ቁልቁለቱ

በሄድንበት ቀን ሁለት መኪና ተከራይተን ነበር፤ አንድ ቅጥቅጥና አንድ ሚኒባስ። በቅጥቅጡ አባቴን ጨምሮ 21 ሰው፥ በሚኒባሱ ደግሞ አብረውን የሄዱትን እናት ጨምሮ 11 ሰው ሆነን ተሳፈርን። ከመነሣታችን በፊት አባቴ በመኪኖቹ ዙሪያ እየዞረ ጎማውን ሁሉ በዱላ እየመታ አዳመጠ። የሚኒባሱ አንድ ጎማ ጥርሱ ያለቀ ሆኖ አገኘው፤ «በተጠባባቂው ካልተቀየረ አንሄድም» አለ። ሹፌሩ ተቆጣ፤ እኛም «ሊያስረፍደን ነው» ብለን አጉረመረምን፤ እኔም ከሁሉ የበለጠ አጉረመረምሁ። እርሱ ግን ሸሚዙን ጠቅልሎ ራሱ ቀየረው።

ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ያለውን መንገድ የማታውቁ የለም፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእኛ ደጋ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ዐባይን ተሻግሮ እንደ ገና ያንኑ ያህል ይወጣል። ጠዋት በጋቢ የተሸፈነ ሰው ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ላቡ ይንቆረቆራል። አሮጌው ድልድይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ሲሆን፥ ዛሬ የምንሻገርበት 303 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቷል። አባቴ በመንገድ ላይ አንድ ነገር አስተማረን፤ ሹፌር በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ሸራው ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ አዋቂ ሹፌር በዝቅተኛ ማርሽ፥ መኪናውን በሞተሩ ጉልበት ይዞ ይወርዳል፤ ፍሬኑም እንዲቀዘቅዝ ቦታ ይዞ ይቆማል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። እኔ ግን በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ያልሰማሁ መሰልሁ።

ሁለቱ ሌሊት

ጎሐ ጽዮንን፥ ገርበ ጉራቻን፥ ፍቼን አልፈን ደብረ ሊባኖስ ደረስን። ከዕድር የተዋስናቸውን ሁለት ድንኳኖች ራቅ ራቅ አድርገን ተከልን፤ አንዱ የሴቶች፥ ሁለተኛው የወንዶች። እናታችን ከሴቶቹ ጋር በደጃፉ በኩል ተኙ። አባቴ በሁለቱ ድንኳኖች መካከል እሳት አንድዶ፥ ጋቢውን ተከናንቦ፥ ዱላውንና የእጅ ባትሪውን አጠገቡ አድርጎ ተቀመጠ። የጥር ብርድ አጥንት የሚሰብር ነበር። ጅብም ሲጮኽ ይሰማ ነበር። ሴት ልጅ በሌሊት ወደ ውጭ መውጣት ስትፈልግ ሁለት ሆና ትወጣለች፤ እናታችንን ትቀሰቅሳለች፤ አባቴም ባትሪውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አብርቶ ፊቱን ያዞራል። ማንም ሳያዝዘው ይህን ሲያደርግ አየሁት። ያን ሌሊት ከእነዚያ ከዘጠኙ አንዷ በጆሮዬ «አባትሽ ስላለ እንቅልፍ ወሰደኝ» አለችኝ። ከማፈሬ ጥቂት የተቀነሰልኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ በዓሉን አክብረን የገዳሙን ታሪክ ሰማን። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. ደግሞ የግራዚያኒ ወታደሮች መነኮሳቱንና ለበዓል የመጡትን ምእመናን ሰብስበው ፈጁአቸው። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ያስታወቀው የ297 መነኮሳትን መገደል ነበር፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም 129 ዲያቆናት እንደ ተገደሉ አስታወቀ። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ግን የሟቾቹ ቁጥር ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። አባቴ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «ስንት ሰው ነው ስሙ ሳይጻፍ የቀረ?» አለ። ይህች ቃል በማግሥቱ በእርሱ በራሱ ላይ እንደምትመለስ አላወቀም ነበር።

አንዱ ሙዝ

ጥር 25 ቀን ከሰዓት በኋላ እየተመለስን ሳለን፥ ከትንንሾቹ አንዲቱ የ13 ዓመት ልጅ በሚኒባሱ ውስጥ አስመለሳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቷ ርቃ የሄደች፥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ነፋስ እንድታገኝ ወደ እኛ ቅጥቅጥ ተዛወረች። ስለዚህ እኛ 22 ሆንን፤ ሚኒባሱም 10 ሆነ። ይህን መለወጥ ግን በወረቀት ላይ የጻፈው ሰው አልነበረም።

ጎሐ ጽዮን ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። ልጅቷም ወደ አንድ ሻይ ቤት ጓሮ ሄደች። ለጓደኛዋ «ምናልባት ወደ ሚኒባሱ እመለሳለሁ» ብላት ነበር። አባቴ ለመንገድ 22 ሙዝ ገዛ። እኔ በዚያች ሰዓት ከቦታዬ ተነሥቼ በኋለኛው ወንበር ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ እጫወት ነበር። አውቄ ነው፤ አባቴ በየጊዜው ወደ እኔ መመልከቱ አናድዶኝ ነበርና «እስቲ ምን ያመጣል?» ብዬ ነው። እርሱም ወደ መኪናው ሲገባ ዓይኑ እኔን ፈለገ፤ ከወንዶቹ መካከል አገኘኝ፤ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። «ሞልተናል?» አለ። አንዳችን «ሞልተናል» አልነው። ሄድን።

ወደ ድልድዩ ስንወርድ ሹፌሩ ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ ቆመ። አባቴም ወርደን እንድንናፈስ አድርጎ ሙዙን ያድለን ጀመር። ለሁላችን አዳርሶ ሲጨርስ አንድ ሙዝ በእጁ ቀረ። እንደ ገና ቆጠረን። 21። የራሱን ድርሻ የረሳ መስሎት ኪሱን ዳሰሰ፤ የራሱን በልቶ ልጣጩን ይዞታል። ያን ጊዜ ፊቱ የሆነውን መሆን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አንዱ «ሚኒባሱ ውስጥ ትሆናለች» አለ። ሌላዋም «አዎ፥ እመለሳለሁ ብላኝ ነበር፤ እዚያ ያለች ይመስለኛል» አለች። ሚኒባሱ ቀድሞን ሄዷል፤ ስልክም በዚያ ገደል ውስጥ አልሠራ አለ። አባቴ «ይመስለኛል ሰው አይቆጥርም» አለ። የስም ዝርዝሩን ለሰብሳቢያችን ሰጠውና «ደጀን ስትደርሱ አንድም ልጅ እንዳይበተን፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ጠብቁኝ» ብሎ፥ ወደ ላይ የሚወጣ የጭነት መኪና ለምኖ ተሳፈረ። ሹፌሩ ያውቀው ኖሮ ሳይጠይቅ አወጣው። ስንት ጊዜ ጎማውን ለጥፎለት ይሆን!

ሚኒባሱ ውስጥ አልነበረችም። ሚኒባሱ ያሉት እኛ ጋ ያለች መስሏቸው፥ እኛም እነርሱ ጋ ያለች መስሎን ሄደናል። ልጅቷ ከጓሮ ስትመለስ ሁለቱንም መኪና አጣች። ማልቀስ ስትጀምር የሻይ ቤቱ ባለቤት አገኟት። ኦሮምኛ በተቀላቀለበት አማርኛቸው «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ፤ የረሳሽ ሰው ተመልሶ የሚመጣው እዚሁ ነው» ብለው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ ሻይና ዳቦም ሰጧት። አባቴ ሲደርስ በሴትየዋ ነጠላ ተሸፍና ተቀምጣ አገኛት። ለበላችው ሊከፍል ቢል ሴትየዋ «ልጅ ይሸጣል እንዴ?» ብለው መለሱት።

ደጀን ሲደርሱ ወደ 12 ሰዓት ሆኖ ጀምበር እየጠለቀች ነበር። እኛ በደጀ ሰላሙ ተሰብስበን እንጠብቅ ነበር፤ ወላጆችም መጥተው ነበር። አባቴ ለማንም ሳይናገር ልጅቷን ይዞ ወደ እናቷ ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልሁት። በደጃፉ ቆሞ «እኅቴ፥ ልጅሽን ጎሐ ጽዮን ላይ ጥያት ሄጄ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ብቻዋን ቆይታለች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የቆጠርሁት የራሴን ልጅ ብቻ ነው» አላት። ስለ ሹፌሩም፥ ስለ ሰብሳቢውም፥ «ሞልተናል» ስላልነው ስለ እኛም አንድ ቃል አላነሣም።

የልጅቷ እናት ልጇን አቅፋ ቆይታ «ወንድሜ፥ እኔ ልጄን የላክሁት ለመኪናው ብዬ አይደለም፤ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለችው። አባቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ከዚያ የበለጠ ስድብ ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያ የበለጠ ክብርም ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ማልቀስ መጣብኝ። «አባዬ፥ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ አንተን ለማናደድ ብዬ ነው ከቦታዬ የተነሣሁት» አልሁት። እርሱም «አንችን ሳይ ሌላዋን ከረሳሁ፥ ጥፋቱ የዓይኔ ነው እንጂ ያንች አይደለም» አለኝ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በደጀን ዋና መንገድ ላይ ያን ጥቁር እጁን ይዤ ሄድሁ።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ መንገድ አደራ ምን ያስተምረናል?

እንግዲህ ይህን ታሪክ ይዘን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ።

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 መጨረሻ ስለ አንድ የበዓል ጉዞ ይነግረናል። ጌታችን 12 ዓመት ሲሆነው እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይዘውት ወጡ። በመመለሻቸው እርሱ በዚያው ቀረ፤ እነርሱ ግን ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። በኋላም በዘመድና በወዳጅ መካከል ፈልገው ባጡት ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው በሦስተኛው ቀን በቤተ መቅደስ አገኙት። ይህን የማነሣው በቅዱሳኑ ላይ ነቀፋ ለመፈለግ አይደለም፤ ጌታችን የቀረው ለአባቱ ሥራ ነውና። ነገር ግን ወንጌላዊው ስለ እኛ ትምህርት ጽፎልናል። በዚያ ዘመንም ሰው በዓል ወጥቶ የሚመለሰው እንደ እኛ በብዙ ሆኖ ነበር፤ ብዙ ሰው ባለበት ደግሞ እያንዳንዱ «ሌላው ጋ ነው» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ሁለተኛውን ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ መቅረቱን ባወቁ ጊዜ መንገዱ ርቋል፥ ቀኑ መሽቷል አላሉም፤ የሄዱትን ያህል ተመለሱ።

መጽሐፈ ጦቢትም ሌላ ጉዞ ይነግረናል። ጦቢት ዓይኑ ጠፍቶ ሳለ ልጁን ጦብያን በአደራ የተቀመጠ ብር እንዲያመጣ ወደ ሩቅ አገር ሊልከው ወደደ። ነገር ግን ብቻውን አልሰደደውም፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ እንዲያመጣ አዘዘው። የመጣው በሰው አምሳል የተገለጠው ቅዱስ ሩፋኤል ነበር። አባትየው ግን ያየውን ሳይሆን የማያውቀውን እንግዳ ነበርና የሚቀበለው፥ ዝም ብሎ ልጁን አልሰጠውም። ወገንህ ማን ነው፥ የማን ልጅ ነህ ብሎ ጠየቀው፤ የቀን ደመወዙንም ወሰነለት። መልአኩም አልተቆጣም። ወላጆቻችን «ከማን ጋር?» ብለው ሲጠይቁ እኛ የምንቆጣው ስለ ምንድን ነው? መልአክ እንኳ ተጠይቆ የለምን?

ከእነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች አንድ ነገር እናገኛለን። አብሮ የሚጓዝ አባት የገዛ ልጁ ዘበኛ አይደለም። ሠላሳ ልጅ ሲሳፈር የሠላሳው አባት ሆኗል። የራሱን ልጅ ብቻ የሚያይ አባት በመኪናው ውስጥ 29 የማንም ያልሆኑ ልጆች አሉ ማለት ነው። አባቴ ለዚያች እናት የመሰከረው ይህንኑ ነበር። እኛም ልጆቹ እንዲሁ ዕዳ አለብን፤ የአባታችንን ዓይን በከንቱ ወደ ራሳችን የምንስብ ከሆነ ያ ዓይን ከሌላዋ ልጅ ላይ የተወሰደ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ምክር ያለ ሥራ አይረባም። ስለዚህ ከዚያ ጉዞ የተማርነውን በዝርዝር አቀርብላችኋለሁ።

1ኛ/ በስም እንቆጠር። ስማችን፥ የወላጆቻችን ስልክና የምንሳፈርበት መኪና በሁለት ቅጅ ይጻፍ፤ አንዱ ከሰብሳቢው ጋር ይሂድ፥ ሁለተኛው ደጀን ይቅር። መኪና የቀየረ ሰው ወዲያው ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ፌርማታ ስንነሣ ስም ይጠራ፤ የተጠራውም ራሱ «አለሁ» ይበል። ስለ ሌላው «አለ» የሚል አይኑር።

2ኛ/ በአምስት በአምስት እንከፈል። የስካውት እንቅስቃሴ መሥራች የሚባለው ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን ሰፈር ሲያቆም፥ ሃያ ያህሉን ልጆች በአራት ቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ ከልጆቹ አንድ አለቃ ሾሞ ነበር። ሠላሳ ሰው መቁጠር ያስቸግራል፤ አምስት ሰው ግን ሳይቆጠርም ይታወቃል።

3ኛ/ ታላላቆቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንድ አባትና አንዲት እናት። በአሜሪካ የስካውት ማኅበርም ከሁለት ያነሰ አዋቂ ልጆችን ይዞ እንዳይወጣ ሕግ አለው። ማንም ይሁን ማን፥ መምህርም ይሁን አባት፥ አንድን ልጅ ለብቻው ይዞ በተዘጋ ቦታ አይቀመጥ። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ልጁንም ታላቁንም ከክፉ ነገርና ከሐሜት መጠበቅ ነው። የማያስደስት ነገር የደረሰባት እኅት፥ ወይም የደረሰበት ወንድም፥ ሳያፍር ለእናት ወይም ለአባት ይንገር፤ የሰማውም «ዝም በይ» አይበል።

4ኛ/ የሌሊቱ ሥርዓት በቀን ይነገር። የወንድና የሴት ድንኳን ይለይ፤ ወደ ውጭ የሚወጣ ሁለት ሆኖ ይውጣ፤ መብራት አይታጣ።

5ኛ/ መኪናውና መንገዱ ይመርመር። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይቀየር፤ የዐባይን ቁልቁለት በቀን ብቻ እንውረድ፤ ውኃ እንያዝ። ከሁሉ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን እንጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ አይተናል። ጊዜው ካልፈቀደ ጉዞን መተው ከእምነት ማነስ አይቈጠርም፤ በአጥቢያችን ቅጥር ግቢም ድንኳን ተክሎ መማር ይቻላል።

6ኛ/ የቀረ ልጅ ባለበት ይቁም። ፍለጋ አይሂድ፤ ካላወቀው ሰው መኪና አይሳፈር። የሻይ ቤቷ እናት ምክር ትክክል ነበር፤ የረሳ ሰው ተመልሶ የሚመጣው ወደ ረሳበት ቦታ ነው። እያንዳንዱም የወላጁን ስልክ ቁጥር በቃሉ ያጥና፤ ያች ልጅ የእናቷን ቁጥር በቃሏ አታውቅም ነበር።

7ኛ/ ጥፋት ቢደርስ በዚያው ቀን፥ ራሳችን፥ ለወላጅ እንንገር። ወሬ ከቀደመን አደራው ሁለት ጊዜ ይጠፋል።

ማጠቃለያ

ያን ጉዞ ተከትሎ አባቴ ለሰበካ ጉባኤው «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ስንዘጋጅ ግን፥ የዚያች ልጅ እናት ወደ ጎማ ቤቱ ሄዳ ቆመች። ዲማ ጊዮርጊስ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ልጅቷም ማየት ትፈልግ ነበር። እናቲቱ «እርስዎ የሚሄዱ ከሆነ እልካታለሁ፤ ሌላ ሰው ከሆነ ግን ትቀራለች» አለችው። አባቴ ተደንቆ «እኔ ጥያት አልሄድሁምን?» ቢላት፥ «አንድ ጊዜ የጣለ ሰው ነው ደግሞ የማይጥል» ብላው ሄደች።

ሄደ። ያች ልጅም ሄደች። ዝርዝሩን ይዛ በየፌርማታው ስም የምትጠራው እርሷ ነበረች። የአባቴን ስም ጭምር ትጠራ ነበር፤ እርሱም በዚያ በጎሚስታ ድምፁ «አለሁ!» ይል ነበር። እኔም ከሁሉ ጋር ሣቅሁ እንጂ አላፈርሁም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከእኛ ብዙዎቻችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ ይዘን የምንጓዝ እንሆናለን። እስከዚያው ድረስ አብረውን የሚወጡትን አባቶችና እናቶች አንፈርባቸው። ሥራቸውን ትተው፥ ብርድ ላይ ቁጭ ብለው የሚያድሩት እኛ እንድንተኛ ነው። እግዚአብሔር መንገዳችንን ሁሉ ያቅናልን፤ ወጥተን በሰላም የምንመለስ፥ ስንመለስም ቁጥራችን ያልጎደለ ያድርገን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ ወላጆቻችሁ «ከማን ጋር?» ብለው ሲጠይቁ ምን ትመልሳላችሁ? የጦቢትን ጥያቄ አስታውሱ።

2/ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለልጅቷ መቅረት ድርሻ የነበራቸው እነማን ናቸው? አባትየው ጥፋቱን ብቻውን መውሰዱ ትክክል ነውን?

3/ በሚቀጥለው ጉዟችን ከሰባቱ ነጥቦች እስከ ዛሬ ያላደረግነው የትኛው ነው? ማን ይሥራው? ስሙን ጽፋችሁ ለጉዞ ክፍል ስጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።